የንግሥቲቱን አልጋ ያነጠፈችው ሱዩን

አያቴን ሱዩንን ለንጉሠ ነገሥቱ ሠርግ የመረጧት በቁንጅናዋ አይደለም። ፊቷ ሰፋ ያለ፣ ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ስትራመድ ደግሞ ሰው የሚያሳድዳት የምትመስል ሴት ነበረች። የመረጧት ምንም ስላልጎደለባት ነው። እናትና አባቷ በሕይወት አሉ። ሀርታይ የልጅነት ባሏ ነው፤ እሷም የልጅነት ሚስቱ ናት። ወንድም ሴትም ወልዳለች፣ ሞት አንዱንም አልነጠቃትም። እንዲህ ያለችዋን ሴት እኛ "ሙሉ" እንላታለን። የሙሽራ አልጋ የምታነጥፈው ሙሉ ሴት ብቻ ናት። እናቷ የሞተችባት ወይም ልጅ የቀበረች ሴት ብርድ ልብሱን ከነካችው ጉድለቷ ከሙሽራዋ ጋር አብሮ ይተኛል ይባላል።

ሀርታይ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበር። ለሠርጉ እሱም ተመርጦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ሙሽራዋ የአንድነት ጽዋ ሲጠጡ፣ ሚስቶቻቸው ከነሙሉነታቸው ያሉላቸው ዘበኞች ከመስኮቱ ውጪ ቆመው በድሮው ቋንቋችን ምርቃት ይዘምራሉ። ሀርታይ የቃሉን ግማሽ አይገባውም፤ ድምፁ ግን ያምራል።

ሙሽራዋ የምትገባበት ቤት የምድር ሰላም አዳራሽ ይባላል። በምዕራብ በኩል ለአማልክት የሚታረደው አሳማ በየቀኑ የሚቀቀልባቸው ትልልቅ የብረት ድስቶች ተጥደዋል። በምሥራቅ በኩል ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ቀይ የተቀባ ክፍል አለ። ንጉሠ ነገሥት ሲያገባ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከንግሥቲቱ ጋር የሚያድረው እዚያ ነው። ከዚያ እሷ ሌላ ቤት ይሰጣታል፤ ክፍሉም ይዘጋና የሚቀጥለውን ንጉሥ ሠርግ ይጠብቃል። አንዳንዴ የሰው ዕድሜ ሙሉ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ለእንደዚያ ያለ ሥራ መመረጥ ለቤተሰቡ ሁሉ ክብር የሆነው። ለዚህ ነው ቅድመ አያቴ ቦሻንም የዋሸው።

በመከር ወራት የሀርታይ የዘበኛ ክፍል አለቃ ወደ ቦሻን ቤት መጣ። ቦሻን የሱዩን አባት ነው፤ አርጅቶ ከዘበኝነት የተሰናበተ።

"ባለቤትዎ ደህና ናቸው?" አለ አለቃው። "ስለ ሱዩን ነው የምጠይቀው። ወላጆቿ ጤነኛ መሆናቸውን በእርስዎ ቃል ነው የማስተላልፈው።"

"እንደ ፈረስ ናት!" አለ ቦሻን። "ትናንት እኮ የጎረቤት ውሻ በመጥረጊያ ስታባርር ነበር።"

በውስጠኛው ክፍል እናትየው ሳሏ እንዳይሰማ የገዛ እጅጌዋን ነክሳ ነበር። ከበጋው ማለቂያ ጀምሮ ደረቷ አልተሻላትም። ቦሻንን ዋሽ ብላ ያስገደደችው እሷው ናት። "ልጄ የንግሥት አልጋ ስታነጥፍ ሳልሰማ አልሞትም። ማልላቸው" አለችው። እሱም በአባቶቹ ቀስት ማለ።

በዚያ ቤት ሌላ ሴት አለች፤ ታታራ። የሱዩን ወንድም ሚስት ናት። ባሏ ሩቅ የጦር ሰፈር ስለሚኖር እሷ ከባሏ ወላጆች ጋር ትኖራለች። ከዓመታት በፊት አንድ ልጇን፣ ገና መሮጥ የጀመረች ሴት ልጅ፣ በፈንጣጣ ቀብራለች። ስለዚህ ታታራ "ሙሉ" አይደለችም፤ ማንም አልጋ አንጥፊልኝ አይላትም። ሱዩን ከተመረጠች ወዲህ ደግሞ አፏ ይብስ ተሳለ። ሱዩን እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር፣ "ኧረ ለሙሉዋ እመቤት ወንበር አቅርቡ! ተጠንቀቁ፣ እኔ የተቀመጥኩበት እንዳይሆን!" ትላለች። ከአማቷ ጋርም ከጠዋት እስከ ማታ ስትጨቃጨቅ ነው የምትውለው። አሮጊቷ ሳህን ትወረውራለች፣ ታታራ ትጮኻለች፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤት እትዬ ፋን ደግሞ "ዛሬም ተጀመረ!" እያለች ቁርሷን ትበላለች።

የሠርጉ ዋዜማ የክረምቱ ብርድ የከፋበት ጊዜ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተመረጡት ሴቶች ወደ ቤተ መንግሥት ገብተው እዚያው ማደር አለባቸው። ሱዩን ቀዩን ቀሚሷን በእቅፏ ይዛ፣ እናቷን ልትሰናበት በጠዋት መጣች። አሮጊቷ በመደቡ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጡብ መደብ ነው። ልጇን ስታይ ፈገግ አለች።

"ልበሺውና ልይሽ" አለቻት።

ሱዩን ለበሰችው። እናቷ ቀሚሱን ጫፉን ይዛ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው። "እዚች ጋ ክሩ ወጥቷል" አለች። ክሩን ልትበጥሰው ጎንበስ ስትል ሳሉ መጣባት፤ ያ ሳል ሳያባራ ነፍሷ ወጣች።

ሱዩን ለለቅሶ አፏን ከፈተች። ድምፅ ከማውጣቷ በፊት የታታራ እጅ አፏን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

"አንቺ! ከግድግዳው ወዲያ ሰው አለ!"

ቦሻን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። "ሄጄ ለአለቃው ልንገረው" አለ በስተመጨረሻ። "ሌላ ሴት ይፈልጉ።"

"የቷን ሌላ ሴት?" አለች ታታራ በሹክሹክታ። "ተጠባባቂዋ ባለፈው ሳምንት ልጅ በሞተባት ሴት ቦታ አልገባችም? ሌላ የለም። ነገ ሠርግ ነው። ደግሞስ ምን ብለው ሊነግሯቸው ነው አባባ? 'ዛሬ ሞተችብኝ' ሲሏቸው፣ 'ከመቼ ጀምሮ ታማ ነበር?' አይሉም? መድኃኒት ቀማሚውን አይጠይቁም? ንጉሥ ያታለለ ሰው አንገቱ የት እንደሚያድር እርስዎ ያውቃሉ፤ ዘበኛ አልነበሩም?"

ቦሻን ተነሥቶ የውጪውን በር ቀረቀረው።

ሱዩን የታታራን እጅ ከአፏ ላይ አነሣች። "እናቴ ሞታ ቀይ ልብስ ለብሼ ልሂድ? በዚህ እጄ ነው አሁን ዓይኗን የምከድነው። በዚሁ እጄ ነው የሙሽራዋን ብርድ ልብስ የምዘረጋው?"

"ልጄ በሞተች ቀን" አለች ታታራ፣ "ለእናትሽ ምሳ አቅርቤያለሁ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብላ ተቆጥታኛለች። ሰው ይችላል። ልበሺ እንዳልል ለብሰሻል። ሂጂ።"

ሱዩን ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። ቀይ አበባዋን ጸጉሯ ላይ ሰካች። ስትወጣ ታታራ ተንበርክካ ከመደቡ ሥር ፍሙን በብረት እየጎተተች ስታወጣ አየቻት፤ ሬሳው እንዲቆይ ክፍሉ መቀዝቀዝ ነበረበት።

በቤተ መንግሥቱ የሰሜን በር ሴቶቹን የምትቀበለው ወይዘሮ ማጂያ ነበረች። ለዚያ ሠርግ ሥርዓት ኃላፊዋ እሷ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ እንደ አዳኝ ውሻ የሚስተው ነገር የለም የምትባል። እያንዳንዷን ሴት አስቁማ ትጠይቃለች።

"አባት?"

"ደህና ነው።"

"እናት?"

ሱዩን የዋሸችው ያኔ ነው። "ደህና ናት፣ እመቤቴ።" ድምጿ ወትሮም ጎርናና ስለሆነ አልተለየም።

ክፉው ነገር የመጣው ካላሰበችው ወገን ነው። ዘበኞቹ መዝሙራቸውን በአዳራሹ ደጃፍ ሲለማመዱ ነበር። ሀርታይ ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከሰልፉ ወጥቶ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ አለማወቁም እውነት ነው፣ ጮክ ብሎ ጠየቃት።

"እናትሽ እንዴት አደሩ? ሳሉ ለቀቃቸው?"

ወይዘሮ ማጂያ ዞረች። "የምን ሳል?"

ሱዩን ለባሏ ለመንገር አስባ ትታው ነበር፤ ሀርታይ ፊቱ ላይ ነገር መደበቅ አይችልም። አሁን ግን እሱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ሴትየዋ ትጠብቃለች።

"የዓሣ አጥንት ነው፣ እመቤቴ" አለች ሱዩን። "በቀደም ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ስታስል ነበር። ዛሬ ወጣላት። አሁን አንዴም አትስልም።"

"የዓሣ አጥንት" አለች ወይዘሮ ማጂያ፣ ቃሉን ቀስ አድርጋ እንደምትቀምስ። "እንኳን ወጣላቸው። ነገ ጠዋት ጣፋጭ ነገር እልክላቸዋለሁ። ጉሮሮአቸው እንደሚውጥ የሚያይ ሰው ይዞላቸው ይሄዳል።"

ሀርታይ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። ሱዩን ያን ሌሊት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ተጋድማ እንዴት እንዳነጋች ስጠይቃት፣ "ጥርሴን ስቆጥር" ነበር ያለችኝ። ቤት የሚነግርላት ሰው የለም። በር ተዘግቷል።

በማግስቱ ጠዋት በቦሻን ቤት የሆነውን የነገረችኝ ታታራ ናት። እሷ ስትናገረው እየሳቀች ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ እትዬ ፋን በግድግዳው ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ "ታታራ! የእማማ ክፍል ጭስ የለውም፣ ምነው?" አለች።

"ጭስ ማውጫው ተደፍኖ ነው!"

"በዚህ ብርድ? ይሞታሉ እኮ!"

"እሳቸው? እኛን ሁሉ ቀብረው ነው የሚሞቱት!" አለች ታታራ።

ወዲያው የውጪው በር ተንኳኳ። ቦሻን ሲከፍት የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ቆሟል፤ በሁለት እጁ ቀይ ሣጥን ይዟል። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው፤ ዓይኑ ግን በየማዕዘኑ ይዞራል።

"ከወይዘሮ ማጂያ የተላከ ኬክ ነው። በእመቤቲቱ በራሳቸው እጅ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ሲቀምሱም እንዳይ።"

ቦሻን ደርቆ ቀረ።  ታታራ ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጣ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። አሮጊቷ እስከ አንገቷ ተሸፍና ተጋድማለች፤ ክፍሉ እንደ በረዶ ጉድጓድ ቀዝቅዟል። ታታራ የሬሳውን ፊት አየች፤ ከዚያ በየጠዋቱ በምትጮኸው ጩኸት ጮኸች።

"እማማ! ተነሡ እንጂ! ከቤተ መንግሥት ሰው መጥቷል! ... ምን? ... ምን አሉኝ?... ኧረ የእግዜር ያለህ፣ ፖፖ ላይ ተቀምጠው ነው እንግዳ የሚቀበሉት?"

ጃንደረባው በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ይጨርሱ፣ እጠብቃለሁ" አለ።

"እማማ፣ ቶሎ ይበሉ፣ እየጠበቀ ነው! ... ምን ያድርግ? ይሂድ? እንዴት ይሂድ ይባላል! እኔ ነኝ ባለጌዋ? እኔ? ትናንት ዓሣውን ማን እንደ ድመት ያለ ማላመጥ ዋጠ?" ያን ጊዜ ለታታራ ስለ ዓሣ አጥንቱ ውሸት የነገራት ሰው አልነበረም። ዓሣ ለምን አፏ ላይ እንደመጣ እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ምናልባት አሮጊቷ ዓሣ ስለምትወድ ነው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳህን አነሣችና ከግድግዳው ጋር አላተመችው። "ይምቱኝ! ይምቱኝ እንጂ! ይቺን ደግሞ ይወርውሯት!" ሁለተኛው ሳህን ተከተለ።

ጃንደረባው ወደ ኋላ ሸሸ። ከግድግዳው በላይ የእትዬ ፋን ድምፅ መጣ።

"ጌታዬ፣ አይጠብቁ! እነዚህ ሁለቱ ከጀመሩ እስከ ምሳ አያቆሙም። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድ ጠዋት በሰላም አልበላሁም!"

ጃንደረባው አፍንጫውን ይዞ ሳቁን ዋጠ። ሣጥኑን ለቦሻን ሰጠው። "ይቅመሱት፣ ይብሉት፣ እኔ አይቻለሁ" ብሎ ሄደ።

ታታራ በተሰበረው ሳህን መሐል ቁጭ አለች። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ የአማቷን ፊት ሸፈነችው፤ እጅጌዋንም አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ግን አልተወችም። እትዬ ፋን የምትሰማው እንዲኖር በየጥቂቱ እየተነሣች ትጮኽ ነበር። "ሾርባዎትን ይጠጡ እንጂ እማማ!" ትልና ሾርባውን ራሷ ትጠጣዋለች።

በዚያው ሰዓት ሱዩን በቀዩ ክፍል አልጋውን ታነጥፍ ነበር። አራት ሴቶች ናቸው፤ አራቱም ብርድ ልብሱን በየማዕዘኑ ይዘው ይዘረጋሉ። መቶ ሕፃናት የተጠለፉበት ቀይ ሐር ነው። አንዳቸውም መናገር አይችሉም፣ መጨማደድም አይፈቀድም። ከምዕራቡ በኩል የአሳማው ቅቅል እንፋሎት እየመጣ ከአዲሱ ቀለም ሽታ ጋር ይደባለቃል። የሱዩን እጅ ሐሩን በነካ ቁጥር የእናቷ ጣት ስፌቱን ሲዳብስ ይታያታል። ጆሮዋ ግን በሩ ላይ ነበር።

ጃንደረባው መጣ። ለወይዘሮ ማጂያ በጆሮዋ አንሾካሾከ። ሴትየዋ ወደ ሱዩን ተራመደች። ሱዩን ብርድ ልብሱን ለቀቀችና እጆቿን አጣጥፋ ቆመች፤ ልጆቿን አሰበች፤ ማን እንደሚያሳድጋቸው አሰበች።

"ሱዩን።"

"እመቤቴ።"

"ሰውየው ከእናትሽ ቤት ተመልሷል።" የሱዩንን እጆች ቁልቁል አየች። "አጥንቱ በእርግጥ ወጥቶላቸዋል መሰለኝ። በእንግዳ ፊት ምራቷን በሳህን የምትመታ ሴት የታመመች አይደለችም። አንቺም እንደሳቸው እንዳትሆኚ። ሥራሽን ቀጥዪ።"

ሱዩን ብርድ ልብሱን መልሳ ያዘች። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ጠይቄያት ነበር። "ለአፍታ አመንኩ" አለችኝ። "ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ግን ሳህን ወረወረች ሲሉኝ፣ እናቴ ተነሥታለች ብዬ አመንኩ። ከዚያ ታታራ መሆኗ ገባኝ። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ የሞተችብኝ ያኔ ነው።"

ሲመሻሽ ሙሽራዋ ገባች። በወርቅና በዕንቁ ተሸፍና ሰው አትመስልም ነበር። ሸክሙ ሲወርድላት ግን ገና ልጅ ሆና ተገኘች፤ አንገቷ የቀጠነ፣ ጆሮዋ በብርድ የቀላ። ጸጉሯ ከልጃገረድ አሠራር ወደ ሚስት አሠራር መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ ለሱዩን ሰጧት። ሌሎቹ ሴቶች ምግቡን ሊያመጡ ወጡ፤ ወይዘሮ ማጂያም የንጉሠ ነገሥቱን መምጣት ልታይ ደጅ ቆመች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስተዋቱ እንዳደረገች፣ "እናት አለሽ?" አለች።

ማበጠሪያው ቆመ። "አለችኝ፣ ግርማዊት ሆይ።"

"አሁን ምን እያደረገች ይሆን?"

"ተኝታለች።"

"ገና ሳይመሽ?"

"ደክሟት ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "የኔ እናት አትተኛም። ዛሬ ከቤት ስወጣ መሬት ላይ ተንበርክካ ሰገደችልኝ። እናቴ ናት እኮ! ለኔ! ጎንበስ ብዬ ላነሣት ስል 'ንግሥት አታጎነብስም' ብለው ክንዴን ያዙኝ። ከእንግዲህ ባያትም ሁልጊዜ እንዲሁ ተንበርክካ ነው የማያት።"

ሱዩን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የያዘችው ነገር ከዚያ በላይ አልተያዘላትም። አንድ የእንባ ጠብታ ከአገጯ ወርዶ በልጅቷ ማጅራት ላይ አረፈ። ሌላም ተከተለ። ልጅቷ ሙቀቱ ሲሰማት ደንገጥ ብላ ወደ መስተዋቱ ቀና አለች፤ ሁለቱም በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ።

በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ማጂያ ገብታ ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ቆመች። በሙሽራ ክፍል እንባ! ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ምንድን ነው ይሄ?" አለች፤ ድምጿ እንደ ክር የቀጠነ። "አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ማን ሞቶብሽ ነው?"

ሱዩን በጉልበቷ ወደቀች።  ውሸቷ ሁሉ አልቆባት ነበር።

"ጭስ ነው" አለች ሙሽራዋ።

"ግርማዊት ሆይ?"

"ምድጃው ያጨሳል። የኔንም ዓይን አቃጥሎታል።"

የዚያ ክፍል እሳት የሚነደው ከወለሉ ሥር ነው፣ ማገዶውም የሚገባው ከውጪ ነው። በክፍሉ ውስጥ ምድጃ የሚባል ነገር የለም። ይህን ከወይዘሮ ማጂያ አብልጦ የሚያውቅ የለም። "እዚህ ክፍል እኮ ምድጃ..." ብላ ጀመረች።

"ያጨሳል አልኩ።"

ልጅቷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እጆቿ ግን የቀሚሷን ጨርቅ ጨምድደው ሲይዙ ሱዩን ከወደቀችበት ሆና ታይ ነበር። በዚያ ቤት በንግሥትነቷ የተናገረችው የመጀመሪያው ትእዛዝ ያ ሳይሆን አይቀርም።

ወይዘሮ ማጂያ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሱዩንን፣ አንዴ ደግሞ ባዶውን ማዕዘን አየች። ከዚያም ቀስ ብላ ተንበረከከች። "ያጨሳል፣ ግርማዊት ሆይ። አስጠግነዋለሁ።" ስትነሣ መሐረቧን ለሱዩን ወረወረችላት። "ፊትሽን ጥረጊ። ጸጉሩን ጨርሺ።"

ሱዩን ጨረሰች። ንጉሠ ነገሥቱ ገባ፤ እሷ ዓይኗን ከወለሉ ስላላነሣች ጫማውን ብቻ ነው ያየችው። ሙሽራዋ ሆን ተብሎ ያልበሰለውን የሊጥ ጥቅል ቀመሰች፤ "ጥሬ ነው?" ተባለች፤ "ጥሬ ነው" አለች። በከተማችን ቋንቋ "ጥሬ" እና "መውለድ" አንድ ድምፅ ስለሆኑ፣ ልትወልድ ቃል ገባች ማለት ነው። ጽዋው ሲነሣ ከመስኮቱ ውጪ መዝሙሩ ተጀመረ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የሀርታይ ድምፅ ነበር፤ ደስ ብሎት፣ ከልቡ፣ አማቱ መሞቷን ሳያውቅ ይዘምራል።

ሱዩን የነገረችው በማግስቱ፣ ከሰሜኑ በር ወጥተው ከግንቡ ሥር ባለው የውኃ ቦይ ዳር ሲሄዱ ነው። በረዶው ላይ ቁጭ አለ። "እኔኮ ስለ ሳሉ ጠየቅኩሽ" አለ። "በሰው ፊት ጠየቅኩሽ!" ፊቱን በሁለት እጁ መታ። ሱዩን ክንዱን ይዛ አስነሣችው።

ቤት ሲደርሱ ታታራ ድምጿ ተዘግቶ በምልክት ነበር የምታወራው። ሱዩን ገብታ፣ ወደ እናቷ ከመቅረቧ በፊት በታታራ ፊት ተንበረከከችና ግንባሯን መሬት አስነካች። ታታራ በእግሯ ገፋ አደረገቻት። "ተነሺ" አለች በተሰበረ ድምፅ። "እኔ ገና አልሞትኩም፤ ለሞተችው ስገጂ።"

በማግስቱ የለቅሶ ምልክቱ ነጭ ወረቀት በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ዋይታም ተሰማ። ሬሳ የምታጥብ አሮጊት መጣች። ክንዱን አነሣች፣ ጣቶቹን ዳበሰች፤ እጇን ሳታነሣ ታታራን ቀና ብላ አየቻት። 

"ዘንድሮ ብርዱ ክፉ ነው" አለች አሮጊቷ። "ሰው ቶሎ ይደርቃል።" ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች።

በቀብሩ ቀን ሱዩን ማልቀስ አልቻለችም። ነጭ ለብሳ፣ ሬሳ ሣጥኑን ተከትላ፣ ዓይኗ እንደ አሸዋ ደርቆ ሄደች። እትዬ ፋን ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። "አንዲት ጠብታ እንኳ! ቤተ መንግሥት ገብታ እናቷን ናቀች!" ሱዩን ምን ትላለች? ሀርታይ በዚያ ዓመት ማዕረግ ተጨመረለት፤ መዝፈን ግን ተወ።

ንግሥቲቱ ልጅ አልወለደችም። ጥቂት ዓመት ቆይታ በሕመም አረፈች፤ ከተማው ሁሉ ነጭ እንዲለብስ አዋጅ ተነገረ። አዋጁ የተነገረ ዕለት ሱዩን የአባቷ ቤት ነበረች። የያዘችውን የጎመን ቅርጫት ጣለችና የታታራን እጅ ጨበጠች።

"እኔ ነኝ" አለች። "አልጋዋን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ እጄ! እሷ አዳነችኝ፣ እኔ ደግሞ ጉድለቴን አስተኛሁባት!"

"ዝም በይ" አለች ታታራ።

"እንዴት ዝም ልበል!"

"ዝም በይና ስሚኝ። እኔ ሳገባ አልጋዬን ያነጠፈችልኝ ሙሉ ሴት ናት። ሰባት ልጆች፣ ሁሉም በሕይወት፤ እናቷ የዘጠና ዓመት፤ ባሏ እንደ በሬ። እንደሷ ያለ ሙሉ በከተማው አልነበረም። ልጄ ሞተች። ገባሽ? ሞተች። ብርድ ልብስ ሰው አይገድልም፣ አያድንምም።"

ሱዩን ያኔ አለቀሰች። እዚያው የተበተነው ጎመን መሐል ተቀምጣ፣ እናቷን በስሟ እየጠራች፣ የንግሥቲቱን ስም ስለማታውቅ "ልጄ፣ ልጄ" እያለች፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አለቀሰች። እትዬ ፋን አንገቷን በግድግዳው ላይ አውጥታ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። "ለንግሥት እንዲህ ይለቀሳል?" አለች።

"ይለቀሳል" አላት ቦሻን። "ግቢና በርሽን ዝጊ።"

ሲመሽ ታታራ አንድ ሳህን ትኩስ ፓስታ በሾርባ አምጥታ ሱዩን ፊት አስቀመጠች።

"ብዪ።"

"አልበላም።"

"ብዪ ነው የምልሽ!"

"ጨው በዝቶበታል" አለች ሱዩን፣ ሳትቀምሰው። ታታራ ሳህኑን ነጠቀቻትና ቀምሳ አየችው፤ ጨው አልበዛበትም። በዚያ ተጣሉ፤ ጨለማ እስኪሆን ድረስ ተጣሉ፤ ሱዩንም እየተጣላች ሾርባውን ጨረሰችው።